ያገለገለ ላፕቶፕ መርጦ መግዛትና ለአማርኛ ሥራ ማዘጋጀት፦ ከሱቅ እስከ ቤት

ወዳጅ ዘመድ ሁሌ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አለ። «እጄ ላይ ይህን ያህል ብር አለ፤ ታብሌት ልግዛ፣ አዲስ ላፕቶፕ ልግዛ ወይስ ያገለገለ?» መልሴ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ሥራችሁ መጻፍ፣ ኤክሴል፣ ሂሳብ ወይም ትምህርት ከሆነ ለቢሮ ተብሎ የተሠራ ያገለገለ ላፕቶፕ ግዙ። ግን ፈትሻችሁ ግዙ። ቤት ስትገቡ ደግሞ በደንብ አዘጋጁት። እኔ ይህን ነገር ከልቤ ነው የምወደው፤ እሑድ ከሰዓት የሰው ላፕቶፕ ፈትቼ አቧራ ስጠርግ ብውል አይሰለቸኝም። ስለዚህ ከሱቁ በር ጀምሮ የመጀመሪያውን የአማርኛ ደብዳቤ እስክትጽፉ ድረስ ያለውን ሁሉ በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ።

1. መጀመሪያ ሥራችሁን ለዩ

ታብሌት መጥፎ ነገር አይደለም። ለማንበብ፣ ልጆች ትምህርት እንዲከታተሉበት፣ በብዕር ለመሳል የሚያህለው የለም። በፈረንጆቹ 2025 የወጣው መደበኛው አይፓድ 11 ኢንች ነው፤ ትንሹ 128 ጊጋባይት ይይዛል። ለእነዚህ ሥራዎች ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሥራ ሲጀመር ነው። የሂሳብ ባለሙያ ከሆናችሁ ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ታብሌት ላይ አይጫንም። ባለ 40 ገጽ የአማርኛ ሪፖርት ከነሰንጠረዡ በጣት ልጻፍ ብትሉም ትማረራላችሁ። ኪቦርድ ልግዛለት ካላችሁ ደግሞ የታብሌቱና የኪቦርዱ ዋጋ ተደምሮ ደህና ላፕቶፕ ይገዛል።

ሁለተኛው ወጥመድ ርካሽ አዲስ ላፕቶፕ ነው። ካርቶኑ አልተከፈተም፣ ያብረቀርቃል፣ ቀጭን ነው። ውስጡ ግን ሴሌሮን የሚባል ደካማ ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋ ራም እና ኢኤምኤምሲ የሚባል 64 ጊጋ ማከማቻ ነው። ከዚያ ላይ ዊንዶውስና አፕዴቱ ብቻ ግማሽ ያህሉን ይወስዱታል። ራሙም ማከማቻውም ብዙ ጊዜ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ በኋላ ላሳድገው ብትሉ አይቻልም። በፈረንጆቹ 2018 ለቢሮ የተሠራ ላፕቶፕ ይህን በብዙ ነገር ይበልጠዋል። ኪቦርዱ ምቹ ነው፣ ማጠፊያው ጠንካራ ነው፣ ዕቃውም ይለወጣል።

2. ቁጥሩን ማንበብ ልመዱ

አንድ ዘመዴ «አይ7 ነው» ተብሎ ላፕቶፕ ገዛ። እውነትም አይ7 ነበር። ግን 4ኛ ጀነሬሽን ነበር፤ ዊንዶውስ 11 አልቀበልም አለው። ስለዚህ አይ5፣ አይ7 የሚለውን የኢንቴል ፕሮሰሰር ስም ሰምታችሁ አትርኩ፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ። አይ5-8350ዩ ካለ የመጀመሪያው አሃዝ 8 ነው፤ 8ኛ ጀነሬሽን ማለት ነው። አይ5-10210ዩ ከሆነ 10ኛ፣ አይ5-1135ጂ7 ከሆነ ደግሞ 11ኛ ነው። 8ኛ ጀነሬሽን ያለው አይ5 4ኛ ጀነሬሽን ካለው አይ7 ብዙ ጊዜ ይሻላል።

8ኛ ላይ የምጸናበት ምክንያት አለኝ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል ከጥቂቶች በቀር 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ፣ ቢያንስ 4 ጊጋ ራም እና 64 ጊጋ ማከማቻ ይጠይቃል። ከ8ኛ በታች ያለ ላፕቶፕ በጣም ርካሽ ካገኛችሁ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነፃ ሲስተም ጭናችሁ ዓመታት ልትገለገሉበት ትችላላችሁ። ዊንዶውስ የግድ ካስፈለጋችሁ ግን ተዉት።

እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የምመክራቸው ሦስት ናቸው፦ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480፣ ዴል ላቲቲውድ 7490 እና ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5። ሦስቱም ሁለት ሁለት የራም ቦታ አላቸው። ዛሬ 8 ጊጋ ይዛችሁ ገዝታችሁ ነገ ሌላ 8 ጨምራችሁ 16 ታደርጉታላችሁ። ቲ480 ሁለት ባትሪ አለው፤ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ከኋላ የሚነቀል። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑን ሳታጠፉ የኋላውን ነቅላችሁ ሌላ ትተኩበታላችሁ፤ የውስጡ ይዞ ይቆያል። ይህን ያየሁ ቀን በጣም ነው ደስ ያለኝ። ስሙ ላይ «ኤስ» የተጨመረበት ቲ480ኤስ ግን ቀጠን ይላል፣ ከራሙ ከፊሉ የተበየደ ነው፣ የሚነቀል ባትሪም የለውም። ስለዚህ ስሙን እስከ መጨረሻው ፊደል አንብቡት።

ማከማቻው ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት መሆን አለበት። በዚህ ድርድር የለም። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ እስኪነሳ ቡና ይፈላል። 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ከ1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ይሻላችኋል።

3. ወደ ሱቅ ስትሄዱ የምትይዙት

አንድ ፍላሽ ያዙ። ፍላሹ ላይ ሁለት ነፃ ፕሮግራሞች ይኑሩ፤ ባተሪ ኢንፎ ቪው እና ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ። ሁለቱም ሳይጫኑ ከፍላሹ የሚከፈቱ ናቸው። ክሪስታል ሲወርድ ፖርተብል የሚለውን ምረጡ። የጆሮ ማዳመጫ ያዙ። ስልካችሁ ዳታ ይኑረው። መገናኛም ሂዱ መርካቶ፣ ወይም በቴሌግራም ያገኛችሁት ሰው ቤቴ ና ይበላችሁ፣ ቀን ሂዱ፤ መብራት መኖሩንም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሻጩ ቢያጣድፋችሁ ሌላ ሱቅ ግቡ። ጥሩ ዕቃ ያለው ሻጭ ፍተሻ አይፈራም።

4. የሃያ ደቂቃ ፍተሻ

ሳትከፍቱት ጀምሩ። ጠርዙን ዳብሱት። ወድቆ ከሆነ አንዱ ማዕዘን ይጎረብጣል ወይም ተከፍቷል። ከሥሩ ያሉትን ብሎኖች እዩ፤ ሁለት ሦስቱ ከጎደሉ ወይም ጥርሳቸው ከተበላ ብዙ ሰው ከፍቶታል ማለት ነው። ክዳኑን በአንድ እጅ ቀስ ብላችሁ ክፈቱና ግማሽ ላይ ልቀቁት፤ ባለበት መቆም አለበት።

ከዚያ ስክሪኑ። ነጭ ምስል ሙሉ አድርጋችሁ ክፈቱ፤ ቢጫ ጥላ ወይም ጥቁር ነጥብ ካለ ወዲያው ይታያል። ቀጥላችሁ ጥቁር ምስል ክፈቱና በእጃችሁ ከለል አድርጋችሁ እዩ፤ ከጠርዝ የሚያፈስ ብርሃን ካለ እዚያ ነው የሚያጋልጠው። አንዳንድ ኤሊትቡኮች ከጎን ያለ ሰው እንዳያነብ የሚከላከል ስክሪን ስላላቸው ደብዘዝ ይላሉ። ብልሽት አይደለም። ግን እኔ አልወደውም፤ ዓይን ያደክማል።

ኖትፓድ ክፈቱና እያንዳንዱን ቁልፍ አንድ በአንድ ተጫኑ። ሁሉንም። የቦታ መስጫውን ከግራም ከቀኝም ጫኑት። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የመጡ ላፕቶፖች ኪቦርዳቸው ላይ የአረብኛ ፊደል አለ፤ ለአጻጻፍ ምንም ለውጥ የለውም፣ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ጥሩ ምክንያት ነው።

አሁን ፍላሹን ሰኩ። ባተሪ ኢንፎ ቪው ሁለት ቁጥር ያሳያችኋል፤ ባትሪው ሲሠራ የነበረው አቅምና አሁን ሙሉ ሲሞላ የሚይዘው። ለምሳሌ ላቲቲውዱ ሲሠራ 60,000 ሚሊዋት ሰዓት የነበረው አሁን 42,000 ካለ፣ 70 ከመቶ ቀርቶታል ማለት ነው። ከ70 በላይ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ከ50 በታች ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ጠይቁና ከላፕቶፑ ዋጋ ላይ ይቀነስልን በሉ። «አራት ሰዓት ይቆያል» የሚለውን የቃል ዋስትና እርሱት፤ ቁጥሩ ፊታችሁ አለ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ደግሞ የኤስኤስዲውን ጤንነት በመቶኛ ይነግራችኋል። ቢጫ ሆኖ ማስጠንቀቂያ ካሳየ ዲስኩ መለወጥ አለበት።

ፍላሹን በየቀዳዳው እያዘዋወራችሁ ሞክሩ። ማዳመጫውን ሰኩ። ካሜራውን ክፈቱ። የስልካችሁን ሆትስፖት አብሩና ዋይፋዩን አገናኙ፤ ከዚያ አንድ ቪዲዮ አምስት ደቂቃ ይጫወት። እየተጫወተ እጃችሁን ከሥሩ አድርጉ። ሙቅ ቢሆን ችግር የለም። የሚያቃጥል ከሆነና ማራገቢያው ከጮኸ ግን ውስጡ አቧራ ሞልቷል ወይም ሌላ ጣጣ አለበት።

ቻርጀሩን ገልብጡና ጽሑፉን አንብቡ። መግቢያው ላይ 100–240 ቮልት ካለ ከአሜሪካም ቢመጣ በእኛ 220 ያለ ምንም መለወጫ ይሠራል፤ የሚቀየረው ግድግዳው ላይ የሚሰካው ገመድ ብቻ ነው። ለቲ480 ትክክለኛው መውጫ 20 ቮልት 3.25 አምፔር፣ ማለትም 65 ዋት ነው።

5. የተቆለፈ ዕቃ እንዳይሆን

ይህን ደረጃ ከሁሉም በላይ አደራ የምላችሁ ስለደረሰብኝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጣም ንጹሕ ላፕቶፕ ገዛሁ። ሁለት ሳምንት በደንብ ሠራሁበት። ከዚያ ፎርማት አድርጌ ዊንዶውሱን በአዲስ መልክ ስጭንና ዋይፋይ ስሰጠው፣ ስክሪኑ ላይ የማላውቀው የውጭ ድርጅት ስም መጣና የሠራተኛ ኢሜይልና የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ላፕቶፑ ከድርጅቱ መዝገብ አልወጣም ነበር። የሻጩ ስልክ አይነሳም። ብሬ እዚያው ቀረ።

ሱቅ ውስጥ እንዲህ አድርጉ። ላፕቶፑን አጥፍታችሁ ስታበሩት ወደ ባዮስ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ወደሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ፣ ግቡ፤ በቲንክፓድ ኤፍ 1፣ በዴል ኤፍ 2፣ በኤችፒ ኤፍ 10 ነው። የይለፍ ቃል ከጠየቀ አመስግናችሁ ውጡ፤ በተለይ የቲንክፓድ የባዮስ ቁልፍ በቀላሉ የሚከፈት አይደለም። ከገባችሁ በኋላ ሴኪዩሪቲ የሚለው ሥር አብሶሉት ወይም ኮምፒውትሬስ የሚል የርቀት መከታተያ ካለና አክቲቬትድ ከሆነ ላፕቶፑ አሁንም ክትትል ላይ ነው። ከዚያ ሻጩን «ሪሴት አድርገህ ከኢንተርኔት ጋር አገናኝተህ አሳየኝ» በሉት። ሰዓት ይፈጃል፣ ግን እኔን የያዘኝ ቁልፍ የሚወጣው እዚያ ላይ ብቻ ነው። ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ።

አይፓድና ማክቡክም እንደዚሁ ናቸው። የቀድሞው ባለቤት ፋይንድ ማይ የሚባለውን የጠፋ ዕቃ መፈለጊያ ሳያጠፋ የሰጣችሁ አይፓድ ከተጠረገ በኋላ የእሱን የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ዘመድ የሚልክላችሁ ከሆነ ከመላኩ በፊት ደውሉለትና ከአካውንቱ እንዲወጣና ዕቃውን እንዲጠርግ ንገሩት። ዕቃው አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ በሰዓት ልዩነት ውስጥ ኮድ መቀባበል አድካሚ ነው።

ደረሰኝ ስትቀበሉ ሲሪያል ቁጥሩ ይጻፍበት። ጥቂት የመሞከሪያ ቀናትም ጠይቁ።

6. ቤት ስትገቡ ፎርማት አድርጉት

ሻጩ የጫነውን ዊንዶውስ አትመኑ። ምን ክራክ፣ ምን ቫይረስ እንዳለበት አይታወቅም። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄዳችሁ ከማይክሮሶፍት ገጽ ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል የሚባለውን አውርዱ፤ ቢያንስ 8 ጊጋ የሆነ ባዶ ፍላሽ ላይ ዊንዶውስ 11ን ያዘጋጅላችኋል። የሚወርደው ብዙ ጊጋ ስለሆነ በሞባይል ፓኬጅ አትሞክሩት። ለቢሮ የተሠሩት ላፕቶፖች አብዛኞቹ ፈቃዳቸው ከቦርዱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ያንኑ ዓይነት ዊንዶውስ ስትጭኑና ኢንተርኔት ስትሰጡት ራሱ አክቲቬት ይሆናል።

አንድ ነገር አደራ። በአዲሱ ዊንዶውስ 11 በማይክሮሶፍት አካውንት ስትገቡ ዲስኩ ብዙ ጊዜ በራሱ ይመሰጠራል። አንድ ቀን ላፕቶፑ ባለ 48 አሃዝ የመክፈቻ ቁልፍ ቢጠይቃችሁ ቁልፉ ያለው አካውንታችሁ ውስጥ ነው። ስለዚህ የአካውንቱን ኢሜይልና የይለፍ ቃል፣ ከቻላችሁም ቁልፉን ራሱን፣ ደብተር ላይ ጻፉት። «ሱቅ የከፈተልኝ ኢሜይል ነበር፣ አላስታውሰውም» ያሉኝ ሰዎች ፎቶና ሥራቸውን አጥተዋል።

ፀረ ቫይረስ አትግዙ። አብሮ የሚመጣው ዲፌንደር ይበቃል።

7. ዳታችሁን እንዳይጨርስ

በስልክ ሆትስፖት የምትጠቀሙ ከሆነ ላፕቶፑ ሳያማክራችሁ ፓኬጃችሁን ይጨርሰዋል። ሆትስፖቱን ካገናኛችሁ በኋላ የዋይፋዩን ፕሮፐርቲስ ክፈቱና ሚተርድ ኮኔክሽን የሚለውን አብሩት። ከዚያ ወዲህ ትልልቅ አፕዴቶች ይጠብቃሉ። ዋንድራይቭ የሚባለው የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ ዴስክቶፕና ዶክዩመንት ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ኢንተርኔት መስቀል ይወዳል፤ ነፃው 5 ጊጋ ብቻ ስለሆነ ለአብዛኛው ሰው ማጥፋት ይሻላል። ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ላፕቶፕ ካለ ደግሞ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን ውስጥ በአካባቢው ኔትዎርክ ብቻ የሚለውን ምረጡ። አንዱ ያወረደውን አፕዴት ሌላው ከእሱ ይወስዳል።

8. አማርኛውን ማስተካከል

ልቤ ያለው እዚህ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም ኮምፒውተሮች የጋራ የፊደላት ኮድ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፕሮግራሞች የእንግሊዝኛ ፊደላትን ቦታ ተውሰው ነበር የኛን ፊደል የሚያሳዩት። ዛሬም የድሮ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስትከፍቱ ትርጉም የሌለው የምልክት ጋጋታ የሚመጣው ለዚህ ነው። ፋይሉ አልተበላሸም፤ የተጻፈበት ፎንት እናንተ ጋ የለም። አዲስ ሥራችሁን ግን ሁልጊዜ በዩኒኮድ ጻፉ።

መጀመሪያ ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ ቋንቋ ላይ አማርኛን ጨምሩ። ኪቦርድ አብሮ ይመጣል፤ የዊንዶውስ ቁልፍና የቦታ መስጫውን አንድ ላይ ስትጫኑ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይቀያየራል። እኔ ግን ኪይማን የሚባለውን የመተየቢያ ፕሮግራም እመርጣለሁ። ነፃ ነው፣ ለዊንዶውስም ለማክም ለሊኑክስም ለስልክም አለ። አንዴ ከለመዳችሁት የትም ብትሄዱ ያው ነው። አሠራሩ እንደ አነጋገራችን ነው። ኤስን ስትነኩ «ስ» ይወጣል፣ ዩ ስትጨምሩበት ወደ «ሱ» ይለወጣል፣ ኦ ብትጨምሩ «ሶ» ይሆናል። ፊደሉ ዓይናችሁ እያየ ቅርጹን ሲቀይር ደስ ይላል። ለሁለት ቀን ትንገዳገዳላችሁ፤ በሳምንት ውስጥ ጣታችሁ ይለምደዋል።

አራት ነጥብን በትክክሉ ጻፉ። ብዙ ሰው የእንግሊዝኛውን ኮለን ሁለቴ ደርድሮ አራት ነጥብ ያስመስላል። ሲታይ ይመሳሰላል፣ ግን ለኮምፒውተሩ ሁለት ኮለን እንጂ አራት ነጥብ አይደለም። በኪይማን የአማርኛ ኪቦርድ ኮለኑን ሁለቴ ስትመቱ ራሱ ወደ «።» ይቀይረዋል። ሌላው የፋይል ስም ነው። ኮምፒውተር «ሀይሌ» እና «ኃይሌ» አንድ መሆናቸውን አያውቅም። በአንዱ ብታስቀምጡ በሌላው ስትፈልጉ አታገኙትም። የሰው ስም ያለበት ፋይል ከበዛባችሁ፣ አንድ አጻጻፍ ምረጡና በእሱ ጽኑ።

ኒያላ የሚባለው ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ሲመጣ የኖረ ነው፤ አሁን አማርኛን ካልጨመራችሁ በራሱ አይገባም። ከሌለ ኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ የሚለውን ጨምሩ። ለረጅም ጽሑፍ እኔ ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤልን እጠቀማለሁ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ሲታተሙም ያምራሉ። ፋይሉን ለሌላ ሰው ስትልኩ ወርድ ላይ ኦፕሽንስ ከዚያ ሴቭ ውስጥ ፎንቱን ፋይሉ ውስጥ ክተት የሚለውን ምልክት አድርጉበት።

መተየብ የሚከብዳቸው አባት ወይም እናት ካሏችሁ ጉግል ዶክስን በክሮም ክፈቱላቸውና የድምፅ መተየቢያውን አማርኛ ላይ አድርጉት። እየተናገሩ ይጽፋል። ሥርዓተ ነጥቡን በኋላ እጃችሁ ያስተካክለዋል፤ ግን አንድ ገጽ ደብዳቤ ከወንበር ሳይነሱ ይጨርሳሉ።

9. ፍላሽና ማተሚያ ቤት

ፎቶ ኮፒ ቤት ፍላሽ ሰክታችሁ ስትመለሱ ፋይሎቻችሁ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ካገኛችሁ አትደንግጡ፤ ፎርማትም አታድርጉ። ዋናዎቹ ፋይሎች አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ተደብቀው ነው ያሉት። ሾርትከቱን አትክፈቱት። ፎልደር ኦፕሽንስ ውስጥ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን አብሩ፣ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን አጥፉ። ስም የሌለው ወይም የደበዘዘ ፎልደር ይመጣል፤ ሥራችሁ እዚያ ውስጥ ነው። አውጡት፣ ከዚያ ፍላሹን በዲፌንደር አስፈትሹ።

ከዚህ ሁሉ ግን ፍላሹን ቤት መተው ይሻላል። ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ በቴሌግራም ላኩላቸው። ፊደሉም አይበላሽም፣ ቫይረስም ይዛችሁ አትመለሱም።

ዋናውን ሥራችሁን በሳምንት አንድ ቀን ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጡ። እኔ ዓርብ ማታ ነው የማደርገው። ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ከተገለበጡት አንዱን ፋይል ከዲስኩ ላይ ክፈቱና መከፈቱን እዩ። ከዚያ ዲስኩን ነቅላችሁ ከላፕቶፑ ቦርሳ ውጭ አስቀምጡት፤ ታክሲ ውስጥ ቦርሳው ቢረሳ ሁለቱም አብረው እንዳይሄዱ።